ጋሽ ኪሮስና የፍየሏ ሥዕል

ጋሽ ኪሮስ ባረፉ በአርባኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰቆጣ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። በሩ አጠገብ ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ማርያም። ቀጥሎ ሐጂ አብዱ፣ ከሱቃችን ጎን ጨርቅ የሚሸጡት፣ የጋሽ ኪሮስ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። መስኮቱ ሥር ነርስ ደሳለኝ ቆሞ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፣ አገውኛ አይሰማም። ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ፣ ከጽጽቃ የመጡት እማማ ትብለጽ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ምስጋናው እባላለሁ፤ ከጋሽ ኪሮስ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሌላው የተዝካር እንግዳ በሙሉ ግቢ ውስጥ በዳሱ ሥር ነበር።

ማን የት እንደተቀመጠ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

የሬዲዮና የስልክ ጠጋኙ ጋሽ ኪሮስ በሥራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በድንገት አርፈዋል። ሰቆጣ ያላችሁ ቀብራችኋቸዋል። በአምደወርቅ፣ በጽጽቃና ከዚያም ርቃችሁ ያላችሁ፣ አንድ ቀን ሬዲዮአችሁ በእጃቸው ያለፈ ሁሉ፣ ይህን ከእኔ ስሙ።

ሥራቸውን ለምታውቁት ስለ ሥራቸው መንገር አያስፈልግም። የአባ ገብረ ማርያም ዓይን ሲደክም፣ ከሬዲዮአቸው ቁልፎች በአንደኛው ላይ የሽምብራ ፍሬ ለጥፈውላቸዋል፤ አባ እስከ ዛሬ ጣቢያቸውን በጣታቸው ነው የሚያገኙት። አንድ ሰው የተበላሸ ዕቃ አምጥቶ «ማንም አልነካውም» ሲላቸው ፈገግ ይሉና «ዕቃ አይዋሽም፤ የሚዋሸው የነካው ሰው ነው» ይሉ ነበር። ለእኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ የሚሉኝ ሌላ ቃል ነበራቸው፦ «ዋናውን ሳትገለብጥ ጣትህን አታስገባ።» ማለትም ስልክም ይሁን ሌላ ዕቃ፣ በውስጡ ያለውን ቀድተህ ሳታስቀምጥ አትነካካው ማለታቸው ነው።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ስለ ካሴቶቹ ነው። ስልክ ወደ ገጠራችን ሳይገባ በፊት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ የወረደ ሰው ደብዳቤ የሚልከው በካሴት ነበር። የካሴት ደብዳቤ የራሱ ልማድ ነበረው። የሚናገረው ሰው ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ትንሽ ዝም ይላል። እቤት ያለው ሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ለቴፑ ይመልስለታል። ጋሽ ኪሮስ ሰው ለጥገና አምጥቶ ያልወሰደውን ቴፕ ሁሉ ከነካሴቱ አስቀምጠው ነበር፤ አርባ አንድ ካሴት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ካሴቶቹ እየደረቁ ሲሄዱ ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጧቸው። አንዳንዱ ካሴት ሲገለበጥ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረና ተበጠሰ።

ትንሿ የጌም ማሽን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሌላ አገር የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ትቶላቸው ሄደ። የድሮ ጌም ማሽን ተመስላ የተሠራች፣ ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጥ ግራጫ ሳጥን ናት። ሃያ ጨዋታ አላት፤ ከዚያ በላይ እንዳትቀበል ተደርጋ ነው የተሠራችው። ጋሽ ኪሮስ ለሁለት ቀን ዝም ብለው አገላብጠው አዩዋት። በሦስተኛው ቀን «ምስጋን፣ ይቺ ኮምፒውተር ናት እኮ» አሉኝ። «ማንበብ ለማይችል ሰው የተሠራች ኮምፒውተር። ሥዕል ብቻ ናት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ተጫን።»

ሐጂ አብዱ በመደርደሪያቸው ላይ ተንጠራርተው፣ «እሰይ! ኪሮስ በስተርጅና ጌም ጀመረ! ነገ ደግሞ ብይ እንገዛለታለን» ብለው ሳቁ።

እኔ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ እሳቸው እየፈቱ፣ በአሥራ አንድ ቀን ከፈትናት። ከሥሯ ያሉትን አራት የጎማ እግሮች ስናነሳ ብሎኖቹ ተገኙ። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን፣ ማስነሻ ቁልፏን ተጭነን ይዘን፣ መጀመሪያ በውስጧ ያለውን ገለበጥን። ከዚያ ፍላሽ እንድታነብ የሚያደርጋትን ፕሮግራም አስገባን። ከቻርጀር በማይበልጥ ኃይል ስለምትሠራ መብራት በጠፋ ጊዜ ከትንሽ ቴሌቪዥን ጋር በሶላር ትበራ ነበር። ጋሽ ኪሮስ አርባ አንዱንም ድምፆች እንደ ጨዋታ አስመስለው ከተቷቸውና ለእያንዳንዱ ሥዕል ሰጡት፦ ለአንዱ ማጭድ፣ ለአንዱ ጃንጥላ፣ ለአንዱ ማሰሮ። ሰው ጆይስቲኩን ይዞ ሥዕሉን ይጫናል። ማያው ይጠቁራል፤ ከጥቁሩ ውስጥ የሞተ ወንድሙ ወይም አባቱ ይናገራል።

በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሱቁ ተሰብሮ ኮምፒውተሩም ካሴቶቹም ሄዱ። ትንሿን ማሽን ማንም አልነካትም፤ የልጅ መጫወቻ መስላቸው መሬት ላይ ወርውረዋት አገኘናት። ከዚያ በኋላ ድምፆቹ በሌላ በየትም አልነበሩም።

እማማ ትብለጽ በየገበያው ቀን ከጽጽቃ በጭነት መኪና ይመጡ ነበር። ልጃቸው ሀብቱ ከሃያ ዓመት በፊት ሑመራ ወርዶ በወባ የቀረ ነው። ካሴቱ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ነበር። በአገውኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል። «እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስለ እኔ አታስቢ። ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ» ይላል፤ ሰላምታ በየስሙ ያደርሳል፤ ከዚያ፣ ሲሄድ አደራ ያላቸውን ነጭ ፍየል ያስታውስና «ፍየሏ ወለደች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ይላል። እማማ ትብለጽ ጆይስቲኩን እንደያዙ «ወልዳለች ልጄ፣ ሁለት» ይሉታል። እሱም በትክክል በዚያን ጊዜ ይስቃል። ሥዕላቸው ፍየል እንድትሆን የጠየቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው ይባላል፤ በመጀመሪያ ማሰሮ ነበረች። ጋሽ ኪሮስ ወደ ፍየል የቀየሩት እኔ ለሁለት ሳምንት ዝቋላ ሄጄ ሳለሁ ነው። ይህን አላወቅሁም ነበር።

ጥፋቴን አሁን እጽፋለሁ። ከዝቋላ በተመለስኩ ማግስት፣ ሰፈር ያሉ ልጆች አንድ የኳስ ጨዋታ እንድንጨምር ጠየቁን። ቦታ አልበቃ አለ። የድምፆቹን ሥዕሎች አውቃቸዋለሁ፣ ሁሉም የቤት ዕቃ ናቸው። ፍየሏን ሳያት ጨዋታ መሰለችኝ። ልሞክራት ብዬ ተጫንኩ፤ ማያው ጠቆረ፣ ምንም አልመጣም። ተበላሽታለች ብዬ አጠፋኋትና በቦታዋ ኳሱን ጻፍኩ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ ዜሮ ተቀንሶ እንደነበር ያየሁት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ግልባጭ አልያዝኩም ነበር። የሶላሩ ባትሪ እያለቀ ስለነበር ቸኮልኩ።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ፍየሏን አጠፋኋት» አልኳቸው።

«የቷን ፍየል?»

«ማሽኗ ውስጥ ያለችውን።»

መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አደረጉ። «ግልባጭ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። አልተቆጡም። «ፍየሏ ጨዋታ አልነበረችም» አሉኝ። «የእማማ ትብለጽ ልጅ ነበር።»

የጠፋን ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። ኳሱ በላዩ ላይ ተጽፎበት ነበር። በሚቀጥለው ገበያ እማማ ሲመጡ ጋሽ ኪሮስ «ማሽኗ ታማለች፣ ትንሽ ታገሱን» አሏቸው። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እኔ በእነዚያ ቀናት ከሱቁ በጓሮ በር እየወጣሁ እሄድ ነበር። ጋሽ ኪሮስ ግን እማማን ሐጂ አብዱ ሱቅ ጀርባ ወዳለው ጥላ ይዘዋቸው ይሄዱና ረጅም ሰዓት አብረው ይቀመጡ ነበር። ሐጂ አብዱ አላስቻላቸውም፤ «ኪሮስ፣ እማማን ልትድራቸው ነው እንዴ? ሽማግሌ ካጣህ እኔ አለሁ!» ብለው ጮኹባቸው።

በአራተኛው ገበያ ፍየሏ በቦታዋ ነበረች። እማማ ተጫኑ። ማያው ጠቆረ። «እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አለ። ሰላምታው በየስሙ፣ ዝምታው፣ ሳቁ፣ ሁሉም ነበረ። እማማ «ወልዳለች ልጄ፣ ሁለት» አሉ፤ ግን እንደ ወትሮው ደግመው አልተጫኑም። ተነሥተው የጋሽ ኪሮስን ትከሻ ሳሙና «እግዜር ይስጥህ፣ ኪሮሴ» ብለው ወጡ።

«ከየት አገኙት?» አልኳቸው ብቻችንን ስንሆን።

«ከነበረበት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ያረፉበት ቀን የገበያ ቀን አልነበረም። ረፋድ ላይ የስልክ ማያ ለመቀበል መናኸሪያ ልከውኝ ተመለስኩ። ከደጃፉ ሳለሁ የሀብቱን ድምፅ ሰማሁ። «ፍየሏ ወለደች ወይ?» አለ። ዝም አለ። ሳቀ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። «ጋሽ ኪሮስ፣ እማማ መጥተዋል እንዴ?» እያልኩ ገባሁና የያዝኩትን ዕቃ መፍታት ጀመርኩ። ድምፁ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰላምታው በየስሙ አለፈ። «ፍየሏ ወለደች ወይ?» ሲል ቀና አልኩ። መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ጣታቸው ከቁልፉ ላይ እንደተጫነ ነበር፤ ማሽኗ ቁልፏ ተጭኖ ካገኘችው ያለቀውን መልሳ ትጀምራለች። ስንት ጊዜ እንደጀመረች አላውቅም። እጃቸው ገና ሞቃት ነበር።

እትዬ አልጋነሽ የቀብሩ ዕለት ማሽኗን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባት። ቁልፉ ከአንገታቸው አልወረደም።

እኔ በበኩሌ የሱቁን መሳቢያ ሳስተካክል አንድ ደብተር አገኘሁ። በጋሽ ኪሮስ እጅ ጽሑፍ የሀብቱ መልእክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፏል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በቀይ ነጥብ ተመልክቷል፤ ዝምታዎቹ በሴኮንድ ተቆጥረዋል። ከሥሩ የፋይሉ መጠን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ተጽፏል። በአሮጌ ስልካቸው ውስጥ ደግሞ ሠላሳ አንድ ቅጂ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ጋሽ ኪሮስ ድምፃቸውን አቅጥነው እንደ ወጣት ይናገራሉ፤ መጨረሻ ላይ በራሳቸው ድምፅ «አይደለም» ይላሉ። ሠላሳ ጊዜ «አይደለም» ብለዋል። በሠላሳ አንደኛው ምንም አላሉም። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር ግን ይህ ነው፦ «አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።» ባረፉ ቀን ያዳምጡ የነበረው ያንን የጎደለውን ፍለጋ ይመስለኛል።

ዕቃ አይዋሽም ይሉ የነበሩት ሰው በእኔ ጥፋት ምክንያት ዕቃ አስዋሽተዋል። ይህን ይዤ አርባ ቀን ቆየሁ።

በተዝካሩ ዕለት እማማ ትብለጽ ልጃቸውን መስማት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እትዬ አልጋነሽ ሣጥኑን በፊታችን ከፈቱ። ማሽኗ በተጠቀለለችበት ጨርቅ እንዳለች ነበረች። ደሳለኝ ኬብሉን ሰካ። እማማ ጆይስቲኩን ሲያነሱ ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። የሀብቱን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ያለው የጋሽ ኪሮስ ድምፅ ነው።»

እትዬ አልጋነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እማማ ግን በእርጋታ አዩኝ።

«ታዲያ ቃሉን ማን የነገረው ይመስልሃል?» አሉ። «እኔ አይደለሁ እንዴ? ሐጂ አብዱ ሱቅ ጀርባ ተቀምጬ፣ አንድ በአንድ። ‹ልጁ ተሳስቶ ነው፣ አታስለቅሱብኝ› አለኝ ኪሮስ። አላስለቀስኩህም።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ ሐጂ አብዱ። «እኔ ደግሞ የምቀልደው!»

«ሀብቱ አለመሆኑን እያወቁ ነው ሲመጡ የነበሩት?» አልኩ።

«ልጄ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ነበር። በቅሎ ረግጣው ነው። ‹ሰ› ሲል ያፏጫል። ኪሮስ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አያፏጭም። የጥርሱን ነገር አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«ሁሉንም እንዲወስደው አልፈለግሁም» አሉ። «ትንሽ ለራሴ ላስቀር ብዬ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን ኪሮስም ስለሌለ ነው የምነግራችሁ። ይሁን፣ እሱንም ልስማው።»

ተጫኑ። ማያው ጠቆረ። ከውጭ የዳሱ ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሃያ አምስት ላይ ነበር። «እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አለ። «ስለ እኔ አታስቢ። ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ።»

እማማ ትብለጽ ጆይስቲኩን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ሰላምታው በየስሙ አለፈ። «ፍየሏ ወለደች ወይ?» አለ። ዝምታው አምስት ሴኮንድ ነው። እማማ በዚያ ዝምታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጡም። ድምፁ ሳቀ፤ እስከ መጨረሻው ሄዶ አለቀ።

«የጥርሱን ማን ነገረው?» አሉ እማማ።

አባ ገብረ ማርያም ተነሥተው መስቀላቸውን ያዙ። እትዬ አልጋነሽ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት።

በማግስቱ ማሽኗን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ፋይሉን መረመርኩ። መጠኑ ደብተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ። ርዝመቱ አንድ ነው። የተጻፈበት ቀን አልተለወጠም። ከመንካቴ በፊት ሦስት ግልባጭ አድርጌ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ አባ ዘንድ፣ አንዱ ሐጂ አብዱ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ማሽኗ አሁን ሱቁ ውስጥ ናት፤ እማማም በየገበያው ቀን ይመጣሉ፣ ደግመው ይጫናሉ።

እኔ በዚያ ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጻፍኩም። ከጻፍኩ እናንተ የሰማችሁት ከእኔ ጋር ይቀላቀላል። እትዬ አልጋነሽ፣ አባ፣ ሐጂ አብዱ፣ ደሳለኝ፦ እርስ በርስ ሳትነጋገሩ፣ እያንዳንዳችሁ የሰማችሁትን ለየብቻ ጻፉልኝ፤ አባ በዲያቆን ያስጽፉት። ደሳለኝ፣ የአገውኛውን ክፍል አለመረዳትህ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ድምፁን ብቻ ሰምተሃልና። በዳሱ ሥር ከነበራችሁ ውስጥም ወደ መስኮቱ የቀረበ ካለ፣ ከሀብቱ ጋር ሑመራ የሠራ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ የሰማው ሰውም ካለ፣ ሱቅ ድረስ ይምጣ ወይም ይላክብኝ። የተሳሳትኩት የመቀመጫ ቦታ ወይም ሰዓት ካለም አርሙኝ።

ጋሽ ኪሮስ፣ የጎደለውን አግኝተውት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ከየት እንዳገኙት ብጠይቅዎ መልስዎን አውቀዋለሁ። እኔ ልሰናበትዎ የፈለግሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ያን ዕለት ረፋድ፣ ከደጃፉ ሳለሁ፣ ከዚያም ጀርባዎን እያየሁ ዕቃ ስፈታ፣ የፍየሏ ነገር ከፊትዎ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ። የሚመልስ ሌላ ሰው በቤቱ ውስጥ እንዳልነበረ አላወቅሁም። ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም በሄዱበት ይስሙኝ። ወልዳለች፣ ጋሽ ኪሮስ። ሁለት።